የሺዮሪ ናቶ

ኪኑኤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ናቶ ሲያሽጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ሚቶ ከተማ ዳር በነበረች ትንሽ ማምረቻ ውስጥ፣ ተቀቅሎ የተብላላውን አኩሪ አተር መጀመሪያ በገለባ ሲጠቀልሉ፣ በኋላም በነጭ ሣጥን ሲያሽጉ፣ ሽታው ከፀጉራቸው ሳይለቅ አረጁ። ልጃቸውን ኮሄይን ያሳደጉት በናቶ ነው። ባላቸውም እስከሞቱበት ቀን ድረስ ጠዋት ጠዋት ከእጃቸው የበሉት እሱኑ ነው። በዚያ አገር ትኩስ ሩዙ ላይ ያን የሚያጣብቅ፣ በቾፕስቲክ፣ በሁለት ቀጫጭን መብያ እንጨቶች፣ ሲያነሱት ክር እየሠራ የሚሳብ ነገር ያላደረገ ሰው ቁርስ በላ አይባልም።

ናቶ ከቤታቸው የወጣው የልጅ ልጃቸው ሺዮሪ ሦስተኛውን የልብ ቀዶ ጥገና ያደረገች ጊዜ ነው።

ሺዮሪ ስትወለድ የልቧ አንዱ ጎን በቅጡ አልተሠራም ነበር። ጡት ስትጠባ ከንፈሯ ይጠቁርና ትንፋሽ ያጥራታል። አራት ዓመት ሳይሞላት ደረቷ ሦስት ጊዜ ተከፈተ። በመጨረሻው ላይ ሀኪሞቹ ከታችኛው የሰውነቷ ክፍል የሚመጣው ደም በልቧ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሳንባዋ እንዲሄድ ሰው ሠራሽ ቱቦ አስገቡላት። ከንፈሯ ቀላ። ኪኑኤ ያን ቀላ ያለ ከንፈር በመስታወት አሻግረው ሲያዩ፣ የማያውቋትን ነርስ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ።

ደግነቱ ልጅቱ ተረፈች። ታዲያ ያ ቱቦ ውስጡ ደም ከረጋበት አለቀ ማለት ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ደም ማቅጠኛ ክኒን ትውጣለች። ናቶ ደግሞ የክኒኑን ሥራ ያፈርሳል። ሀኪሟ ዶክተር ሚሙራ ይህን የነገረቻቸው ሁሉንም አስቀምጣ ነው። አባትየውን፣ እናትየዋን፣ ኪኑኤንም ጭምር።

"ትንሽ ናቶ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ማንኪያም ብትሆን ለቀናት ሰውነቷ ውስጥ ትቆያለች" ነበር ያለችው።

ኪኑኤ በጆሯቸው ሰምተዋል። አልሰማሁም፣ አልገባኝም ማለት አይችሉም። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው።

የሺዮሪ እናት ቺሳቶ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ምራታቸው ናት፤ ዝም ያለች፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት። የሺዮሪን የመድኃኒት ደብተር የምትይዘው እሷ ናት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ክኒኑን ትሰጥና ቀኑ ላይ በእርሳስ ክብ ትሠራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ባዶ ቀን የለበትም። ኮሄይ የሚያሽከረክረው የጭነት መኪና ሰንብቶ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ሺዮሪ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እናቷ እስክትገባ ድረስ የምትውለው ከአያቷ ጋር ነው።

አንደኛ ክፍል በገባች በሦስተኛው ወር፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቁጭ አለች።

"ምሳ ምን ነበር ዛሬ?" አሏት ኪኑኤ።

"ለነሱ ናቶ። ለኔ እንቁላል።"

"እንቁላል ምን አለው?"

"ሶሱኬ 'የሚቶ ልጅ አይደለሽም፣ ከሌላ አገር ነው ያመጡሽ' አለኝ።"

"ሶሱኬ ደግሞ የቱ ነው?"

"አፍንጫው የሚፈሰው።"

"መጀመሪያ አፍንጫህን ጥረግ በይው።"

ሺዮሪ አልሳቀችም። "ሁሉም ከአፋቸው ክር እየሳቡ ማን ያስረዝማል ተባባሉ። መምህሯም ሳበች። እኔ የምስበው አልነበረኝም።"

የዚያን ቀን እራቷን አልበላችም። ድሮም የምትበላው እንደ ወፍ ነው፤ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ትንሿ እሷ ናት፤ ገላዋን ሲያጥቧት የጎኗ አጥንት ይቆጠራል። ኪኑኤ የዚህችን ልጅ ሳህን ሲያነሡ ሁልጊዜ የተረፈውን ሩዝ በዓይናቸው ይለካሉ።

እሳቸው የራሳቸውን ናቶ እርግፍ አድርገው አልተዉም ነበር። ጓሮ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ በትንሽ ማቀዝቀዣ ደብቀው፣ ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትሆን ይበላሉ። በማግሥቱ ግን አርፍደው እየበሉ ሳለ፣ ትምህርት ቤቱ በዝናቡ ምክንያት ቀደም ብሎ ለቆ ኖሮ፣ ሺዮሪ ጃንጥላዋን እያንጠባጠበች በዕቃ ቤቱ በር ብቅ አለች።

"አያቴ፣ እስቲ ላሽትት። ማሽተት ብቻ።"

ማሽተት ምን ይጎዳል ብለው አስጠጓት። ከዚያ በቾፕስቲክ ጫፍ አንዲት ፍሬ። ከዚያ እሷኑ ክር አድርጋ እስክትስብ ድረስ አንድ ማንኪያ። ልጅቱ ክሩን ከአፏ እስከ ክንዷ ስባ ስትስቅ፣ ኪኑኤ ምን እንደነካቸው አያውቁም፣ ሮጠው ሩዝ አመጡ። ሺዮሪ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሩዝ ጨረሰች። በሕይወቷ እንዲህ በልታ አታውቅም።

"ይሄ ያንቺና የኔ ነው። ለእማ አይነገርም" አሏት።

ትንንሽ ጣታቸውን አቆላለፉና ቃል ተገባቡ።

አንድ ቀን ነው ያሉት በየቀኑ ሆነ። ኪኑኤ ለራሳቸው ብዙ ነገር አሉ። ቀዶ ጥገናው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ቁስሉ ድኗል። ሀኪም ሲከለክል አብዝቶ ነው የሚከለክለው። እኔ ስንት ሰው በዚህ አሳድጌ። ይህን ሁሉ ሲሉ ግን የዕቃ ቤቱን በር ከውስጥ ይቀረቅሩ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቺሳቶ ሺዮሪን ሚዛን ላይ አቆመቻትና ፊቷ በራ።

"እናቴ፣ ግማሽ ኪሎ ጨምራለች እኮ። ምን አድርገውላት ነው?"

"ምንም። ሩዙን ለስለስ አድርጌ ነው የምቀቅለው" አሉ ኪኑኤ። ይህን ሲሉ የተሰማቸው ደስታ ነበር። በኋላ ከሁሉም በላይ የሚቆረቁራቸው ይህ ሆነ፤ ውሸቱን እየተናገሩ ደስ ብሏቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት የወር ቀጠሮዋ ደረሰ። የሺዮሪ ደም ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካ ቁጥር አለ፤ ሁለት አካባቢ መሆን አለበት። አንድ ነጥብ አንድ ወጣ።

"ይሄ ክኒን ያልወሰደ ሰው ቁጥር ነው" አለች ዶክተር ሚሙራ።

ቺሳቶ ደብተሩን ገልጣ አስቀመጠችላት። ክቦቹ እንደተሰለፉ ነበሩ። ዶክተሯ ልጆች አንዳንዴ ክኒን ከምላሳቸው ሥር ይደብቃሉ ብላ፣ መጠኑን ከፍ አድርጋ፣ በሳምንቱ ቀጠረቻቸው።

ማታ ኮሄይ በእራት ላይ ነገሩን አነሣው። "የማታ ተረኛ የሆንሽበት ቀንስ ማን ሰጣት?"

"እናቴ" አለች ቺሳቶ ወደ ኪኑኤ እያየች።

"እማዬ፣ ሰጥተሻታል?"

"ሰጥቻታለሁ" አሉ ኪኑኤ። ይሄ እውነት ነበር።

"እማዬ አትረሳም" አለ ኮሄይ ወደ ሚስቱ ዞሮ። "አንቺ ግን ከሥራ ስትገቢ ቁመሽ ነው የምትተኚው። ክቡን ሠርተሽ ክኒኑን ረስተሽው ቢሆንስ?"

"አልረሳሁም።"

"ታዲያ ክኒኑ የት ሄደ?"

ቺሳቶ ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሣች። ውኃውን ከፍታ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች፤ ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠርግ ነበር። ኪኑኤ ነጭ ራዲሽ እየላጡ ነበር። ልጣጩን ጨርሰው ሥጋውን ይልጡ ጀመር፤ እጃቸው ላይ እስኪያልቅ ድረስ ላጡት። ምን ብለው ይጀምሩ? ያመነኝን ልጄን ያታለልኩት፣ ምራቴን ዛሬ ያስለቀስኳት እኔ ነኝ ብለው? ነገ እነግራታለሁ አሉ። በማግሥቱ ደግሞ፣ ከመንገር ይልቅ ናቶውን አንድ ቀን እየዘለልኩ ባበላትስ አሉ። እንዲያም አደረጉ።

በሳምንቱ ቁጥሩ አንድ ነጥብ ሁለት ነበር። ዶክተሯ መጠኑን እንደገና ጨመረች። ከዚህ በኋላም ቁጥሩ ካልወጣ አስተኝቻት በጭኗ ደም ሥር ቀጭን መመርመሪያ ከትቼ ቱቦውን ማየት አለብኝ አለች። ስም አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋት። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ከሺዮሪ ጎን ተኝቶ የነበረው የካሺማ ከተማው ልጅ ባለፈው ዓመት ቱቦው ውስጥ ደም ረግቶበት ነው የሞተው። ቺሳቶ ለቅሶ ስትሄድ ሺዮሪን የጠበቁት ኪኑኤ ነበሩ።

ያን ቀን ከሆስፒታል እንደገቡ ኪኑኤ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወደ ዕቃ ቤት ሄዱ። የቀሩትን ስድስት ሣጥኖች አወጡና ከራዲሹ መደብ ጥግ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው። ማቀዝቀዣውን በኮምጣጤ አጠቡት። ሲጨርሱ ወገባቸው ቢቆረጥም ቀለል አላቸው። በቃ፣ አቆምኩ፣ ከእንግዲህ ቁጥሩ ይወጣል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል አሉ።

"ዛሬስ የለም?" አለች ሺዮሪ።

"አልቋል።"

"ነገስ?"

"ነገም አልቋል።"

"ሱቅ እኮ ሞልቷል፣ አያቴ። አይቻለሁ።"

"ለኛ አይሸጡም።"

ሺዮሪ ዓይኗን አጥብባ አየቻቸው። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ውሸት ታውቃለች።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። በአሥረኛው ቀን ገላዋን ሲያጥቧት ቅልጥሟ ላይ እንደ ጉበት የጠቆረ በለዝ አዩ። ሌላ ደግሞ ክንዷ ላይ። "ወደቅሽ?" አሏት። "እንጃ" አለች። ቅባት ቀቡላት፤ ረጅም እግር ያለው ፒጃማ አለበሷት። ለቺሳቶም አልነገሯትም። ይህን ምን ይሉታል? ናቶውን ካቆሙ በኋላ እንኳ መደበቁን አላቆሙም ነበር።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ተደወለ። የሺዮሪ አፍንጫ ደምቶ አርባ ደቂቃ ሙሉ አልቆመም።

ኪኑኤ ሆስፒታል ሲደርሱ ቺሳቶ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከአልጋው ጎን ተቀምጣለች። ሺዮሪ አፍንጫዋ ውስጥ ፋሻ ተጠቅጥቆ፣ አገጯ ላይ የደረቀ ደም ቀርቶ፣ ትራስ ተደግፋለች። ዶክተር ሚሙራ ወረቀቱን ይዛ ገባች።

"ከአምስት በላይ ነው" አለች። "እኔ የጨመርኩት ይህን ያህል ሊያወጣው አይገባም። ሁለት ጊዜ ስንለካ ክኒኑ አልሠራ አለ፤ አሁን ደግሞ ከሚገባው በላይ ሠራ። ይህ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ጉበታቸው የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ደሙ ከቆመ በኋላ ጉበቷንም ቱቦውንም በመመርመሪያ ገብቼ ማየት ሊኖርብኝ ነው። በዚህ ሁኔታ ደግሞ ለሷ ቀላል አይደለም።" ትንሽ ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ካልሆነ፣ በስህተት ሁለት ጊዜ የተሰጣት ቀን ይኖር ይሆን?"

ቺሳቶ ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ አልገለጠችውም። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሽፋኑን በመዳፏ ትጠርገው ጀመር።

"ሊሆን ይችላል" አለች። "ያኔም ረስቼ ሊሆን ይችላል። አሁንም ደግሜ። እንጃ ዶክተር። ራሴን ማመን ትቻለሁ። ባለቤቴ ትክክል ነው መሰለኝ።"

ኪኑኤ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ምንኛ በወደዱ።

ዶክተሯ ወደ ሺዮሪ ጎንበስ አለች። "ሺዮሪዬ፣ አልቆጣም፣ እሺ? ትምህርት ቤት ወይ ቤት፣ ሰው ቤትም ቢሆን፣ ናቶ በልተሽ ታውቂያለሽ?"

ሺዮሪ መጀመሪያ አያቷን አየች። ከዚያ ዶክተሯን።

"አልበላሁም።"

"ትንሽ እንኳ?"

"አልወድም። ይሸታል" አለች፤ ድምፅዋ በፋሻው ታፍኖ። ይበልጥ እንድትታመንም አፍንጫዋን ልትሸበሽብ ሞከረችና አመማት። በአንሶላው ጠርዝ ላይ ትንሿን ጣቷን አጥፋ እንደያዘች ኪኑኤ አዩ።

ያች ልጅ ደም እየዋጠች ነው ለሳቸው የምትዋሸው። ማን አስተማራት?

"በልታለች" አሉ ኪኑኤ።

ሁሉም ዞሩ።

"እኔ ነኝ ያበላኋት። ዕቃ ቤት ውስጥ። ቺሳቶ አልረሳችም። አንድም ቀን አልረሳችም። እኔ ነኝ።"

"አያቴ" አለች ሺዮሪ፣ እንደ ማስጠንቀቅ።

ቺሳቶ ደብተሩን መጥረግ አቆመች። "መቼ?" አለች።

"ዝናቡ ከጀመረ ጀምሮ።"

"እስከ ዛሬ?"

"አይ፣ አቁሜያለሁ። ሁለተኛው ቀጠሮ ቀን፣ ከዚህ እንደተመለስን አቆምኩ። ሁሉንም ቀበርኩት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም፤ እውነቴን ነው" አሉ ኪኑኤ። ይህችን እንኳ ይቆጥሩልኛል ብለው ነበር።

ዶክተር ሚሙራ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። "እማማ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔ ያን ቀን መጠኑን የጨመርኩት ናቶውን የሚያሸንፍ አድርጌ ነው። ሳላውቅ። እርስዎ ናቶውን በዚያው ቀን ሲያነሡት ክኒኑ ብቻውን ቀረ። ያደማት እሱ ነው። ማብላትዎ ጥፋት ነው፤ ዝም ብለው ማቆምዎ ግን የባሰ ነበር። ደሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ቢፈስ ኖሮ እዚህ ቁጭ ብለን አናወራም ነበር።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻላቸው ነበር። ያን ቀን ጉድጓዱን ደልድለው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሻይ ጠጥተው እንደነበር ትዝ አላቸው።

ኪኑኤ ተንበረከኩ። ግንባራቸው የሆስፒታሉን ወለል ሊነካ ሲል ቺሳቶ ክንዳቸውን ያዘች፤ በርኅራኄ አልነበረም፣ አጥብቃ ነው የያዘቻቸው።

"ይነሡ" አለች። "ልጅቱ እያየችዎት ነው። ተነሥተው ይቀመጡና ይንገሩኝ። በየትኛው ቀን ስንት ማንኪያ?"

ደብተሩን ገለጠች። ኪኑኤ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይናገሩ ጀመር። ሰኞ አንድ። ማክሰኞ አንድ። ረቡዕ አንድ፣ ሞልቶ። ቺሳቶ ከእያንዳንዱ ክብ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ትጽፋለች። ያ ሦስት ዓመት ሙሉ ንጹሕ የነበረ ደብተር በቀይ ሲሞላ ኪኑኤ ማየት አልቻሉም፤ ዓይናቸውን ሲያነሡ ደግሞ ቺሳቶ "ቀጥሎስ?" ትላቸዋለች። እዚህ ሲመረምሯት ስላየችው በለዝም ጠየቀቻቸው። እሱንም ነገሯት። እዚያ ላይ እጇ ቆመ።

"ትናንት አይተውታል" አለች።

"አይቼዋለሁ።"

"ቅባት ቀብተው ፒጃማ አለበሷት።"

"አዎ።"

ቺሳቶ ያንንም ጻፈችው።

ዶክተሯ ደብተሩን ወስዳ ከራሷ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አስተያየችው። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችና ትንፋሿን ለቀቀች። "ይገጥማል" አለች። "ጉበቷ አይደለም ማለት ነው። መመርመሪያውን እንተወዋለን። ክኒኑን ለጊዜው አቁመን ቁጥሩ ሲወርድ በድሮው መጠን እንጀምራለን።" ልትወጣ ስትል በሩን ይዛ ቆመች። "ሺዮሪ አርባ ዓመት ሲሞላት ምን እንደምትሆን እኔም በደንብ አላውቅም፤ በዚህ ቀዶ ጥገና ያደጉት ገና ብዙ አይደሉም። የምናውቀው ቤተሰብ ከሚነግረን ነው። እባክዎ ይንገሩን።"

ቺሳቶ ልብስ ልታመጣ ወጣች፤ ለኪኑኤ ምንም ሳትላቸው። ከልጅቱ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ትታቸው መሄዷ ራሱ አስፈራቸው።

ሺዮሪ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

"ሺዮሪዬ።"

ሺዮሪ አንሶላውን ወደ ጆሮዋ ሳበች።

"ከእንግዲህ መደበቅ የለም። ሁሉንም ለእማ መናገር ትችያለሽ።"

"ቃል ገብተን ነበር" አለች ወደ ግድግዳው። "እኔ አልተናገርኩም። ዶክተሯ ጠይቃኝ እንኳ አልተናገርኩም።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ተናገርሽ።"

"መጀመሪያውኑ ቃል ላስገባሽ አይገባም ነበር። የኔ ጥፋት ነው።"

"ውሸታም ሆንኩ እኮ አሁን። በነሱ ፊት።"

ኪኑኤ ፀጉሯን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉና መለሱት።

"እማ ተቆጥታለች?" አለች ሺዮሪ።

"ባንቺ አይደለም።"

"ባንቺ ነው?"

"አዎ።"

"በጣም?"

"በጣም።"

"ይገባሻል" አለች።

ኮሄይ ከመንገድ እንደተጠራ አቧራውን ይዞ የደረሰው ቺሳቶ ከልብሱ ጋር ተመልሳ አንሶላ ስትቀይር ነው። ገና በበሩ ሲገባ ሚስቱን አየና "አሁንስ ምን አደረግሽ?" አለ።

ቺሳቶ ወደ ኪኑኤ አየች፤ ብቻ አየች። ኪኑኤ ለሀኪሟ መናገሩ ከባዱ መስሏቸው ነበር። ይህ ልጃቸው ነው፤ "እማዬ አትረሳም" ያለው ልጃቸው።

"እሷን ተዋት" አሉ። "ቁጭ በልና ወደኔ ዙር። ከመጀመሪያው ጀምሮ እኔ ነኝ።"

ነገሩት። ዕቃ ቤቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ራዲሽ ሲልጡ ዝም ያሉበትን ማታ። ኮሄይ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ እናቱ ምራታቸውን ለማዳን የሚያወሩ መስሎት ነበር። ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ። እስከ አንገቱ ቀላና ወደ ቺሳቶ ሊዞር ፈልጎ አቃተው።

"በየቀኑ?" አለ በመጨረሻ።

"መጀመሪያ በየቀኑ። አንድ አንድ ማንኪያ። ኋላ አንድ ቀን እየዘለልኩ።"

"ሐሙስ ዕለት ሁለት ነበር" አለች ሺዮሪ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር። "ትምህርት ቤት እንቁላል በማንኪያ ይዘን የሮጥን ጊዜ። ሁለት ነው የበላሁት።"

ኪኑኤ አሰቡት። እውነቷን ነበር፤ ሁለት ነበር።

ቺሳቶ አንሶላውን አስቀመጠችና ደብተሩን አነሣች። "የቱ ሐሙስ?" አለች።